ሴፍቲ ቫልቩ ስንት ኢንች ይሁን? ከሚለው ጥያቄ በፊት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ነገር በፋብሪካ የምትሠሩትንም፣ ከኬሚካል ምህንድስና ገና የተመረቃችሁትንም ይመለከታል። ጥያቄም ነው፣ አቋምም ነው። አቋሜን ላስቀድም። የግፊት ማስተንፈሻ (ግፊት ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚከፈት፣ እንደ ሴፍቲ ቫልቭ ያለ መውጫ) ዲዛይንን የምንማረው ከመጨረሻው ነው። ቀመሩን እንይዛለን፣ የአምራቹን ሠንጠረዥ እንከፍታለን፣ ቀዳዳ እንመርጣለን፣ አለቀ። ቀመሩ ግን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሌላ ነው። ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? በምን ፍጥነት? የሚወጣውስ ጋዝ ነው፣ ፈሳሽ ነው ወይስ የሁለቱ ድብልቅ? ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚገኝ ቁጥር ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ማንንም አያድንም።

እኔ የምሠራው ሙጫና የቀለም ማያያዣ በሚመረትበት ቦታ ነው። ቪኒል አሴቴት የሚባለው ሞኖመር (የፖሊመር ጥሬ ዕቃ) ከውሃ ጋር ሪአክተር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ይገባና ወደ ፖሊመር፣ ማለትም ወደ ሙጫው፣ ይለወጣል። ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። በግርድፉ አንድ ኪሎ ሞኖመር 1,000 ኪሎጁል ያህል ያወጣል። ማቀዝቀዣው በደንብ እስከሠራ ድረስ ችግር የለም። መብራት ሲጠፋስ? አዲስ የሚገቡ ልጆች የቫልቭ ቀመር ጠይቃችኋቸው አይሳሳቱም። ይቺን ጥያቄ ስትጠይቋቸው ግን ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ እንዲያስቡት ያደረጋቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። እናንተ ከየት ጀምራችሁ ተማራችሁት? ዛሬ አንድ ጀማሪ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ከየት ታስጀምሩታላችሁ?

(ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከሥር አስቀምጫቸዋለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ አስተያየቴን ጨምሬያለሁ።)

መልስ 1 የመጣው ሂዩስተን አካባቢ በነዳጅ ማጣሪያ ብዙ ዘመን ከሠሩ ሰው ነው። በአቋሜ ተስማምተው፣ ጀማሪን የሚያስጀምሩት ባዶ ወረቀት ሰጥተው መሆኑን ጻፉ። ልጁ አንድ ዕቃ ይመርጥና ግፊቱ ሊጨምር የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ይጽፋል። መውጫው ቢዘጋ። ማቀዝቀዣ ውሃ ቢቋረጥ። መቆጣጠሪያ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቢቀር። የሙቀት መለዋወጫው ውስጥ ቱቦ ቢቀደድ። በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል የቀረ ፈሳሽ ፀሐይ ቢመታው። ከሥሩ እሳት ቢነሳ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ይሰላል። ትልቁን ቀዳዳ የሚጠይቀው ክስተት ቫልቩን ይወስናል። ክስተቶቹን አንድ ላይ መደመር እንደማይገባም አስጠነቀቁ፤ መነሻቸው አንድ ካልሆነ በስተቀር።

ስለ እሳት የጨመሩትን ወድጄዋለሁ። ኤፒአይ 521 የሚባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኢንዱስትሪ መመሪያ፣ እሳት ወደ ዕቃው የሚያስገባውን ሙቀት ሲያሰላ ሁለት የተለያዩ ቋሚ ቁጥሮች ይጠቀማል። የፈሰሰውን ነዳጅ ከዕቃው ሥር የሚወስድ ጥሩ ቦይና በቂ የእሳት ማጥፊያ ዝግጅት ካለ 43,200፣ ከሌለ 70,900። ቦዩና ዝግጅቱ ብቻ ሙቀቱን በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሱታል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ጀማሪ የቫልቭ ካታሎግ ከመክፈቱ በፊት ወጥቶ መሬቱን ያያል።

መልስ 2 የአንዲት ወጣት ነበር። የተመረቀችው በቅርቡ ነው፤ በዘይት ፋብሪካ ትሠራለች። ሌሎች ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ጠየቀች። ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊትና ዕቃው የሚችለው ከፍተኛ የሥራ ግፊት አንድ ናቸው ወይ? አንድ ከሆኑስ 10 በመቶና 21 በመቶ እየተባለ የሚጻፈው ከየት መጣ?

መልስ 3 በትዕግሥት አስረዳት። ዕቃው ሰሌዳው ላይ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተብሎ ከተጻፈበት፣ ብቻውን ያለ ቫልቭ ከ6 ባር በላይ እንዲከፈት አይስተካከልም። ዝቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ቫልቩ ሲከፈት ግፊቱ ወዲያው አይወርድም፤ ጥቂት ይጨምራል። የአሜሪካው የግፊት ዕቃዎች ደንብ የሚፈቅደው ጭማሪ ለተራ ክስተት 10 በመቶ ነው፣ ማለትም እስከ 6.6 ባር። ከአንድ በላይ ቫልቭ ካለ 16 በመቶ፣ ማለትም 6.96። ለእሳት 21 በመቶ፣ ማለትም 7.26። ልጅቷ አመሰገነች። እኔም ይህን መልስ ለማንኛውም ጀማሪ አስነብበዋለሁ፤ በአንድ ምሳሌ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ከዚያ መልስ 4 መጣና የክሩ አየር ተቀየረ። ጸሐፊው የጥገና ሰው ነው፤ በብዙ ፋብሪካ ዞሯል። ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው አለ። የእኛ ችግር ቫልቩ ሰሌዳ የሌለው መሆኑ፣ ከተገጠመ ጀምሮ አንዴም ተፈትሾ አለማወቁ፣ መለዋወጫው ሲጠፋ ያገኙትን ስፕሪንግ መግጠም ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው አለ፦ ትልቁን ቫልቭ ግዙ፣ ገላገሉን።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ አልከራከርም። ሰሌዳ የሌለው ቫልቭ ቫልቭ አይባልም። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን መልስ 5 ጠንከር ብሎ ቆመ። ትልቅ ቫልቭ ሁልጊዜ የተሻለ ደኅንነት አይሰጥም። ቫልቩ ለሚያስወጣው መጠን እጅግ ሲበዛ፣ ተከፍቶ ግፊቱን በቅጽበት ያወርደዋል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይመታል። መቀመጫው ይጎዳል፣ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ የፍላንጁ (የቱቦው መጋጠሚያ) ማሰሪያ ይላላል። ወደ ቫልቩ የሚወስደው ቱቦ ቀጭን ወይም ረጅም ሲሆንም ያው ነገር ይመጣል። በዚህ ቱቦ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ቫልቩ ከሚከፈትበት ግፊት ከ3 በመቶ አይብለጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ባለ 2 ኢንች መግቢያ ቱቦ ላይ ባለ 4 ኢንች ቫልቭ በማቀነሻ የገጠመ ሰው ደኅንነት አልጨመረም፤ ቀነሰ እንጂ።

መልስ 6 የቁጥር 4 ሰውዬ ነው፤ ተቆጥቶ ተመለሰ። እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ ማለት ጀመረ። 5ኛውን ከመጽሐፍ ወጥቶ የማያውቅ ሰው አደረገው። አስተናባሪው ገባና ሁለቱንም በጨዋ ቋንቋ አስታገሠ።

መልስ 7 ወደ ቦይለር ወሰደን። አንድ አዛውንት የቦይለር ባለሙያ፣ ስሙን ባልጠቀሱት ፋብሪካ ያዩትን አካፈሉ። ሴፍቲ ቫልቩ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል። እንፋሎቱ ስለሚረብሽ አንዱ ሠራተኛ የቫልቩን ክንድ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ሥራው ሳይቋረጥ ቀጥሏል። እሳቸው ሲደርሱ የሽቦው ላይ ዝገት ብቻውን ነገሩ የቆየ መሆኑን ይናገር ነበር። ቦይለሩን አስጠፉት፤ ለዚህም ከአለቃው ጋር ተጣሉ። ብዙ ሰው ጋሼ እያለ አመሰገናቸው። እኔም አመሰግናቸዋለሁ፤ ምርት አስቁሞ ከአለቃ ጋር መጣላት ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ 8 ከርዕሱ የወጣ መስሎ ጀመረ። አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው መሐንዲስ ነው መሰለኝ። ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ሽንብራ ከግማሽ በላይ ሲሞሉ ከላይ ባለችው ቀዳዳ እንፋሎት ሳይሆን አረፋ እየወጣ ምድጃውን እንደሚያለብሰው፣ ውሃ ብቻ ሲሆን ግን እንደዚያ እንደማይሆን ጻፉ። ለምንድን ነው ብለውም ጠየቁ። አንድ ሁለት ሰው ይህ የማዕድ ቤት መድረክ አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ያ አነጋገር አላስደሰተኝም፤ ጥያቄያቸው የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ነውና።

መልስ 9 ይህን አየ። በአሜሪካ በሂደት ደኅንነት ዘርፍ የሚሠራ ሰው ነው፤ የክሩ ምርጡ መልስ የእሱ ነው፤ ዘርዘር ላድርገው። እናታችን ያዩት ነገር ሁለት ነገር ባንድ ላይ መፍሰሱ ነው አለ፤ እንፋሎትና ፈሳሽ ተቀላቅለው። ሪአክተር ውስጥ ሪአክሽኑ የሚካሄደው በፈሳሹ ሁሉ ውስጥ ነው። አረፋው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም፣ ከመሐልም ይነሳል። ፈሳሹ ያብጣል። ማስተንፈሻው ሲከፈት እብጠቱ እስከ ቀዳዳው ይደርሳል። ቀዳዳውን ፈሳሽ ይይዘዋል። ግፊቱን ሊያወርድ የሚችለው እንፋሎት ግን በበቂ መጠን አይወጣም። ለጋዝ ብቻ ተብሎ የተሰላ ቀዳዳ እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የሚያስፈልገው ስፋት በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ በደንብ የተጠናው በዳየርስ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የኬሚካል መሐንዲሶች ተቋም ሥር ተጀመረ። 29 ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጡበት። ከዚያ የወጣው ትምህርት ሪአክሽኖችን በሦስት ይከፍላል። አንደኛው ሲፈላ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ነው፤ ማስተንፈሻው ከተከፈተ እንፋሎቱ ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ የሙቀቱ መጠን መጨመር ያቆማል። ሁለተኛው ጋዝ ብቻ የሚያመነጨው ነው፤ ቢከፈትም አይበርድም፣ ሪአክሽኑ እስከ ጫፉ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ለጫፉ ፍጥነት መሰላት አለበት። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው። የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ በላቦራቶሪ ይለካል። የሚለካበትም ዕቃ ግድግዳው ስስ መሆን አለበት። ወፍራም ብረት ሙቀቱን ራሱ ይጠጣና ክፉውን ሪአክሽን ለስላሳ ያስመስለዋል።

መልስ 10 መምህር ናቸው። ለተማሪዎቻቸው መጀመሪያ የሚሰጡት ቀመር ሳይሆን አንድ አደጋ መሆኑን ጻፉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

አደጋው የቲ2 ላቦራቶሪስ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2007። ፋብሪካው ለቤንዚን የሚጨመር የማንጋኒዝ ውሕድ ያመርት ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ሶዲየምን ዲግላይም በሚባል ማሟሚያ ውስጥ ማጸግበር ነው። ሙቀትም ሃይድሮጅንም ይወጣል። ሪአክተሩ 2,450 ጋሎን ይይዛል፤ ከ9,000 ሊትር በላይ ነው። የሚቀዘቅዘው በጃኬቱ (ዙሪያውን ባለው ሽፋን) ውስጥ በሚገባ የከተማ ውሃ ነበር። ተጠባባቂ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ከዚያ በፊት ብዙ ዙር በሰላም አምርተዋል፤ ያ ዕለት 175ኛው ዙር ነበር።

ከቀኑ 7 ሰዓት ከ23 ላይ የማቀዝቀዣ ችግር እንዳለ ለባለቤቶቹ ተደወለ። 7 ሰዓት ከ33 ላይ ሪአክተሩ ፈነዳ። 4 ሰው ሞተ፣ 32 ሰው ቆሰለ። ከቆሰሉት ብዙዎቹ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ድርጅቶች የነበሩ ናቸው። ማስተንፈሻ አልነበረውም እንዳትሉ፤ ነበረው። ራፕቸር ዲስክ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ የሚቀደድ ስስ የብረት ሳህን ተገጥሞለታል። ከፍንዳታው በፊት እንደ ጄት ሞተር የሚያጓራ ድምፅ የሰሙ አሉ። ግን ዲስኩ የሚቀደደው በ400 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ27 ባር ገደማ ነበር። ግፊቱ እዚያ ሲደርስ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሶዲየሙ ከማሟሚያው ጋር ሁለተኛ፣ እጅግ የባሰ ሪአክሽን ጀምሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መርማሪው የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ሙከራ ሠርቶ ያገኘው ነገር ለጀማሪ ወርቅ ነው። ዲስኩ በ75 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ5 ባር አካባቢ እንዲቀደድ ቢደረግ ኖሮ፣ የመጀመሪያውን ሪአክሽን ሁለተኛው ሳይነሳ ማስተንፈስ ይቻል ነበር። ያው ዕቃ ነው፤ የመክፈቻው ግፊት ብቻ ነው የተለየው። ዕቃው 27 ባር ይችላልና 27 ላይ እንክፈተው የሚለው አስተሳሰብ ለአየር ታንክ ይሠራል። ለሚፋጠን ሪአክሽን አይሠራም። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ይባዛል፤ ስለዚህ ቀድሞ መክፈት፣ ገና ሲያዘግም መያዝ ነው። ቦርዱ በዚህ ብቻ አላበቃም። የሪአክሽን አደጋ በኬሚካል ምህንድስና ትምህርት ውስጥ እንዲካተት ለተቋማቱ ምክረ ሐሳብ ሰጠ።

መልስ 11 ወደ እኔ ሙጫ መለሰን። አንድ ልጅ ቁጥር 10ን ካነበበ በኋላ የእኛን ሪአክተር እንዴት ማሰብ እንደሚገባ ጠየቀ። እዚሁ በግርድፉ እናስላው። ግማሹ ሞኖመር፣ ግማሹ ውሃ ነው እንበል። ሞኖመሩ ሁሉ በአንዴ ገብቶ ማቀዝቀዣ ባይኖር፣ ለአንድ ኪሎ ድብልቅ 500 ኪሎጁል ይለቃል። ድብልቁን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 3 ኪሎጁል ይፈልጋል። 500ን ለ3 ስናካፍል 167 ዲግሪ ጭማሪ ነው። ከ75 ዲግሪ ከተነሳን ወደ 240 እንደርሳለን። የውሃ እንፋሎት ብቻውን በ240 ዲግሪ ከ33 ባር በላይ ይገፋል። የእኛ ዓይነት ሪአክተር ደግሞ የሚሠራው ለጥቂት ባር ነው።

አሁን ሞኖመሩን ቀስ እያልን ብናስገባውና፣ በማንኛውም ሰዓት ሳይቀየር የተጠራቀመው ከጠቅላላው አንድ አስረኛ ብቻ ቢሆንስ? ጭማሪው 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያው ሞኖመር፣ ያው ዕቃ። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተንፈሻ የአገባቡ ሥርዓት ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር አስቡ። ሞኖመሩ ከላይ ካለ ታንክ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ መብራት ቢጠፋም መውረዱን አያቆምም። ኃይል ሲያጣ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጄኔሬተሩ ነው። ማማሰያው ቆሞ ሳለ ሞኖመሩ ከላይ ይንሳፈፋል። ጄኔሬተር ሲነሳ ማማሰያው በድንገት ይቀላቅለዋል፣ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ማማሰያውን መልሶ ማስነሳት በቃል የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ሙቀቱ ታይቶ፣ ማቀዝቀዣው መመለሱ ተረጋግጦ፣ በጽሑፍ በተቀመጠ ሥርዓት ነው።

መልስ 12 የራሱን ስሌት ለጠፈ፤ ለአዲስ አበባ የአየር መጭመቂያ ታንክ ነው። መልስ 13 አንድ ስሕተት አገኘበት። ቀመሩ የሚፈልገው ፍጹም ግፊት ነው፣ ማለትም መለኪያው የሚያሳየው ላይ የአካባቢው የአየር ግፊት የተደመረበት፤ ልጁ ደግሞ 1.013 ባር ደምሯል። ይህ የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው። 12ኛው ትንሽ ተከፋና ልዩነቱ ኢምንት ነው አለ። 13ኛው ቁጥር አወጣለት። ቫልቩ በ10 ባር የሚከፈት ከሆነ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው፤ እውነት ነው፣ ኢምንት ነው። በ1 ባር የሚከፈት ከሆነ ግን፣ 10 በመቶው ጭማሪ ተደምሮ፣ በትክክሉ 1.87 መሆን የነበረበት 2.11 ይሆናል። ቫልቩ ከሚችለው 13 በመቶ የሚበልጥ ያስወጣል ብለን አመንን ማለት ነው፤ ስሕተቱም የሚያጋድለው ወደ አደጋው ነው። ልጁ ተቀብሎ አስተካከለ። በከፍታ አገር ለምንሠራ ሰዎች ይህቺ መልስ ብቻዋን ክሩን ታስነብባለች።

ከ14 እስከ 16 ያሉት መስመር ሳቱ። አንዱ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደመወዝ ስንት ነው አለ። ሌላው የመመሪያዎቹን ቅጂ በነጻ የሚልክለት ፈለገ። ሦስተኛው ሁለቱንም ገሠጸ። አልፌያቸዋለሁ።

መልስ 17 የመጣው ከኳታር ነው። እስካሁን ስለ ቀዳዳው ብቻ አወራችሁ፣ የወጣው ነገር የት ይሂድ አላላችሁም ብሎ ወቀሰን። ወቀሳው ተገቢ ነው። ሦስት ምሳሌ ሰጠ። ሴቬሶ፣ ጣሊያን፣ ጁላይ 10 ቀን 1976፤ ዲስኩ ተቀደደ፣ ሪአክተሩ አልፈነዳም፤ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያለበት ደመና ግን በቀጥታ ወደ አየር ወጥቶ በሰፈር ላይ አረፈ። ቦፓል፣ ሕንድ፣ ዲሴምበር 1984፤ ማስተንፈሻ ቫልቩ ተከፍቷል። ጋዙን ሊያቃጥል የነበረው ፍሌር ግን የቱቦው ክፍል ለጥገና ተነቅሎ ነበር፣ ማጠቢያ ማማውም ያን ያህል ጋዝ አይችልም ነበር። ቴክሳስ ሲቲ፣ ማርች 23 ቀን 2005፤ ከልክ በላይ ከተሞላ ማማ ሦስት ቫልቮች ተከፍተው ፈሳሽ ነዳጅ ሰደዱ። የተቀበለው ዕቃ ጭስ ማውጫው ወደ አየር የተከፈተ ነበር፣ ሞልቶ ገነፈለ፣ ተቀጣጠለ። 15 ሰው ሞተ። በሦስቱም ማስተንፈሻው ተከፍቷል። ሰው የተጎዳው ከማስተንፈሻው በኋላ ባለው ነገር ነው።

መልስ 18 አጭር ነበር። በማስተንፈሻውና በዕቃው መካከል ስለሚገባ መዝጊያ ቫልቭ ነው። ጁን 2008 ሂዩስተን፣ ጉድይር ፋብሪካ ውስጥ፣ ዲስክ ለመቀየር የተዘጋ ቫልቭ ሳይከፈት ቀረ፤ በማግስቱ የሙቀት መለዋወጫው ውስጥ የነበረው አሞኒያ በእንፋሎት ሲሞቅ ዕቃው ፈነዳ፣ አንዲት ሠራተኛ ሞተች። ጁን 2013 ጋይስማር፣ ሉዊዚያና፣ ከማስተንፈሻው ተነጥሎ በተጠባባቂነት የቆመ የሙቀት መለዋወጫ ሙቅ ውሃ ሲለቀቅበት ፈነዳ፤ ሁለት ሰው ሞተ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ መዝጊያ ክፍት ሆኖ በሰንሰለት መቆለፍ፣ ቁልፉም በአንድ ኃላፊ እጅ መሆን እንዳለበት ጻፈ። ለጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ የምሰጠው ይህንን ነው። ሥዕሉን ይዞ ይውጣ፣ ከዕቃው እስከ ቫልቩ፣ ከቫልቩ እስከ መውጫው ድረስ ቱቦውን በእግሩ ይከተል፣ ያገኘውን እያንዳንዱን መዝጊያ ይመዝግብ።

መልስ 19 የጥገናው ሰውዬ ነው፤ ቁጥር 4። ይቅርታ አልጠየቀም፣ በአቋሙም አለ። ያልተፈተሸ ቫልቭ ላይ የሚደረግ ስሌት ከንቱ ነው ብሎ ደገመው። ግን አንድ የተግባር ጥያቄ ጨመረ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙጫው ቫልቩ ውስጥ እየደረቀ ስለሚያጣብቀው፣ ከቫልቩ ሥር ራፕቸር ዲስክ ቢገጠም ይሻላል ወይ?

እኔ የመለስኩለት ይህን ነው። ይሻላል፤ ሙጫ ላይ ደግሞ ያስፈልጋል። ዲስኩ ሙጫውን ከቫልቩ ይከለክላል። ሆኖም ዲስክ የሚቀደደው በሁለቱ ፊቶቹ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ዲስኩ በመርፌ ቀዳዳ እንኳ ቢያስገባ፣ በዲስኩና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ቀስ በቀስ ግፊት ይሞላል። ከዚያ በ3 ባር መቀደድ የነበረበት፣ ክፍተቱ ውስጥ 2 ባር ካለ፣ በ5 ባር ይሆናል የሚቀደደው። ስለዚህ በመሐሉ ግፊት መለኪያ ይገጠማል፣ በየሺፍቱም ይነበባል። ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ይቀየራል። ስሌቱ ላይም፣ ጥንዱ አብሮ ተሞክሮ የተረጋገጠ ቁጥር ከሌለው፣ ቫልቩ ብቻውን ከሚያስወጣው 90 በመቶው ብቻ ይወሰዳል። ዲስኩ ሲቀደድ ስብርባሪ የማይጥል ዓይነት ይሁን፤ ስብርባሪው የቫልቩን አፍ ይዘጋልና።

ሌላ ጥያቄ ያለው ከሥር ይቀጥል።